የወንዝ መለኪያ ቦርዶችን በዲጂታል ምስል ስለ ማዘጋጀት

ወደ ቆቃ ሐይቅ የሚገባው የሞጆ ወንዝ ከቆዳ ፋብሪካዎች በሚለቀቅ ፍሳሽ መበከሉ በተለያዩ ጥናቶች ተመልክቷል። ብክለቱን ያለማቋረጥ ለመከታተል በወንዙ ዳር የሚተከሉ አነስተኛ መለኪያዎች ያስፈልጋሉ፤ ለእነዚህም ለዚሁ ሥራ የተነደፈ የሰርኪዩት ቦርድ ግድ ይላል። ንድፍ ደግሞ በመጀመሪያው ሙከራ እምብዛም አይሰምርም። እያንዳንዱ እርማት ከውጭ አገር ፋብሪካ የሚጠበቅ ከሆነ ተመራማሪው የመስክ ወራቱን በጥበቃ ይጨርሳል። ስለዚህ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን በመሳሰሉ የአካባቢው ተቋማት የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች በቤተ ሙከራ ቢሠሩ ይመረጣል።

በተለመደው ዘዴ ንድፉ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ይታተማል፤ ፕላስቲኩም ፎቶሬዚስት በተለበጠው መዳብ ላይ ተነጥፎ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል። የቀለሙ መሳሳት ብርሃን ያሾልካል፤ ለየእርማቱም አዲስ ፊልም ይታተማል። በሬዚን የሚሠራው ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ ግን ፊልሙን በኤልሲዲ ስክሪን ይተካል። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በአብዛኛው 405 ናኖሜትር ስለሆነ ለዚህ ሞገድ የሚሰማ ፎቶሬዚስትን ያጠነክራል። ፒክስሉ 50 ማይክሮሜትር ቢሆን 0.2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መስመር 4 ፒክስል ይይዛል፤ ይህም ለተራ መለኪያ በቂ ነው። እርማትም ፋይል መለወጥ ብቻ ይሆናል።

ዘዴው ገደብ አለው። ስክሪኑ በጠቆረበት ስፍራም ጥቂት ብርሃን ያልፋል፤ ቦርዱ ከስክሪኑ ጋር በሚገባ ካልገጠመ የመስመሮቹ ጠርዝ ይደበዝዛል። ስለሆነም በአንድ ቁራጭ ላይ የተለያዩ የብርሃን ጊዜያትን መሞከርና ውጤቱን መመዝገብ ያሻል። ሁለቱን ገጾች የሚያገናኙ ቀዳዳዎችን በመዳብ መለበጥም ሌላ ሥራ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ምርት ለፋብሪካ ቢተው ይሻላል።

ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ግን ከብርሃኑ በኋላ ነው። ያልጠነከረው ፎቶሬዚስት በውኃ በሟሟ ሶዲየም ካርቦኔት ይታጠባል፤ የተገለጠው መዳብም በፌሪክ ክሎራይድ ይበላል። የሚተርፈው ፈሳሽ የሟሟ መዳብ ይይዛል፤ መዳብ ደግሞ በአነስተኛ መጠንም ቢሆን ዓሣንና ሌሎች የውኃ ፍጥረታትን ይጎዳል። የወንዝን ብክለት ለመለካት ተነሥቶ ይህን ፈሳሽ በቧንቧ ወደ ፍሳሽ መስመር መልቀቅ የምርምሩን ዓላማ ማፍረስ ነው። ማተሚያው ከመገዛቱ በፊት ያገለገለው ፈሳሽ የሚጠራቀምበት የፕላስቲክ ዕቃ፣ መጠኑ የሚመዘገብበት መዝገብና አወጋገዱን የሚከታተል ኃላፊ ሊኖሩ ይገባል። እነዚህ ባልተሟሉበት ቤተ ሙከራ የፋብሪካን ቦርድ መጠበቅ፣ ቢዘገይም፣ የተሻለ ምርጫ ነው።