ሸማቹ የሚገዛው ንጽሕና ነው ወይስ አረፋ?

የልብስ ማጠቢያ ማሽን የአዲስ አበባ ሰው ዕቃ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሁሩሙ እንኳን፣ ቡና ጥሩ ዋጋ ባወጣ ዓመት ማሽን የሚያስገባ ቤት አይጠፋም። የሳፋው ልማድ ግን ከማሽኑ ጋር አብሮ ገብቷል። ኦሞው (የዱቄት ሳሙና ሁሉ እኛ ዘንድ ኦሞ ነው) በእፍኝ ይበተናል። በመስታወቱ በኩል አረፋ ሞልቶ ካልታየም ይደገማል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ሦስተኛ እፍኝ አለ።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይህ ልማድ ቤተሰቡ ሳያውቀው የሚከፍለው ግብር ነው።

አረፋ በራሱ እድፍ አያወጣም። እድፉን የሚያላቅቀው በውኃው ውስጥ የሟሟው ሳሙና ነው። በእጅ ለሚያጥብ ሰው አረፋ ቢያንስ ሳሙናው መኖሩን ያሳየዋል። ከፊት የሚከፈተው ማሽን ግን በጥቂት ውኃ፣ ልብሱን ወደ ላይ እያነሳ በመጣል ነው የሚያጥበው። አረፋ ሲበዛ ልብሱ ትራስ ላይ የወደቀ ያህል ነው፤ አይፋተግም። ማለቅለቂያውም ውኃ አይበቃውም። የቀረው ሳሙና ነጩን ያጠይማል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ በበሩ ላስቲክ ሥር ተጠራቅሞ ይሸታል። እመቤቲቱም «አልጠራም» ብላ በሚቀጥለው ሳምንት ጨምራ ታደርጋለች። ፍላጎት እንዲህም ይፈጠራል!

ኢሉባቦር በዚህ ረገድ የታደለ አገር ነው። ዝናብ አይለየውም፤ የዝናብ ውኃ ደግሞ ለስላሳ በመሆኑ ጥቂት ሳሙና ይበቃዋል። ብዙ ሳሙና የሚበላው ማንቆርቆሪያን በነጭ ቅርፊት የሚሸፍነው፣ እንደ ድሬዳዋው ያለ ውኃ ነው። በለስላሳ ውኃ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ለሚይዝ ማሽን 50 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ የቡና ስኒ ገደማ፣ በቂ ነው። በዚህ ስሌት አንድ ኪሎ 20 ጊዜ ያጥባል። ሦስት ስኒ የሚያፈሰው ሰው ሰባተኛውን እጥበት ሳይጨርስ ሱቅ ይሄዳል።

ሂሳቡ ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አገር ውስጥ የሚመረተው ሳሙናም ቢሆን ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው የሚገዛው በዶላር ነው።

ባለሱቆችም ከተጠያቂነት አያመልጡም። ለእጅ የሚሆነው ዱቄት አረፋ እንዲያበዛ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ለማሽን የሚሆነው አረፋ የሚቀንስ ቅመም አለበት። በፌስታል ተቋጥሮ ሲሸጥ ግን ማን ለይቶ ያውቃል? ባለሁለት ገንዳው ማሽን የእጁን ዱቄት ይችላል። ከፊት ለሚከፈተው ግን የማሽኑን መግዛት፣ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ ያዋጣል።

ወንዙም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነበር፤ እሳቸው ከዚያ መድኃኒት አገኙ። ወደ ሶርና ወደ ገባ የሚወርደው የፋብሪካ ሳሙና ግን ለዓሣ መድኃኒት አይሆንም።

የተጠራጠረ አንባቢ ታጥበው የደረቁ ፎጣዎችን ያለ አንዳች ሳሙና በማሽኑ ያዙር። በመስታወቱ በኩል አረፋ ከታየ፣ ባለፈው ወር የተከፈለበት ነው።