ትራማዶል የለመደ ሰው ሲታሰርና ሲፈታ

ድሬዳዋ ላይ «ሱስ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ጫት ነው። ትራማዶል «የሕመም ማስታገሻ» ስለሚባል ብዙ ቤተሰብ ከሱስ አይቆጥረውም። ነገር ግን ከሞርፊን ወገን የሆነ፣ የኦፒዮይድ መድኃኒት ነው።

መጠኑን እየጨመረ በየቀኑ ሲወስድ የቆየ ሰው ሲታሰር መድኃኒቱ በአንዴ ይቋረጥበታል። ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ላብ፣ ቁርጥማት፣ ትውከት፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ይጀምረዋል፤ ግራ የሚጋባና የሌለ ነገር የሚታየውም አለ። ይህ ማስመሰል አይደለም።

ስለዚህ ልጅዎ ወይም ወንድምዎ ከታሰረ ምን ያህል ይወስድ እንደነበር ለክሊኒኩ ባለሙያ ይንገሩ። ክስ ይጨመርበታል ብለው ከፈሩ፣ እሱ ራሱ ለሐኪም ብቻውን እንዲናገር ይምከሩት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከሐኪም ጋር የመገናኘት መብት ሰጥቶታል። ክኒን በምግብ ደብቆ ማስገባትን ግን በፍጹም አያስቡት።

ለከባድ የኦፒዮይድ ሱስ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 (እ.ኤ.አ.) ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል። ታንዛኒያ በ2011፣ ኬንያ በ2014 የሜታዶን ሕክምና ጀምረዋል። «ሱስን በሱስ መተካት ነው» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በእንግሊዝ ማረሚያ ቤቶች የተሠራና በ2017 የወጣ ጥናት፣ ሕክምናው ላይ እያሉ የተፈቱ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት የመሞት ዕድላቸው ሕክምናውን ካላገኙት በ75 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ድሬዳዋ ማረሚያ ቤት ይህን ሕክምና ያገኛል ብለው አይጠብቁ። ይሁንና የክሊኒኩ ባለሙያ ምልክቶቹን ማስታገስ፣ ፈሳሽ መተካትና ሲከብድ ወደ ሆስፒታል መላክ ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከመፈታት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ወራት ሳይወስድ የቆየ ሰውነት ልማዱን ያጣል። የድሮውን መጠን በአንዴ ከወሰደ፣ በተለይ ከመጠጥ ወይም ከዲያዜፓም ጋር፣ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ትራማዶል ሲበዛ ደግሞ እንደ ሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል። ይህን ከመፈታቱ በፊት፣ ጥየቃ በሄዱበት ቀን፣ በግልጽ ይንገሩት።

ተኝቶ ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም የሚያንኮራፋ ከመሰለ፣ ከንፈሩም ከጠቆረ፣ «ይተኛ፣ ደክሞት ነው» አይበሉ። በጎኑ ያስተኙት፤ ቢንቀጠቀጥም አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ። ወዲያው ድል ጮራ ወይም በቅርብዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ የወሰደውንም ሳይደብቁ ይናገሩ።