ስለ ቤተ ሰብ ቀለብ፤ የበጉና የእህሉ ዋጋ ባንድነት ይመዘን

ባለ ትዳር የሆነ ሰው ሁሉ ከወር እስከ ወር የሚያሳስበው ነገር፥ ያለው ገንዘብ ለቤተ ሰቡ ቀለብ ይበቃ እንደ ሆነ ወይም ያጥር እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ስለ ኑሮ ውድነት በሚነገርበት ጊዜም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው የጤፍና የዘይት ዋጋ ነው። የሚባለው እውነት ነው። ነገር ግን የእህልን ዋጋ ብቻ አይቶ ይህ ቤተ ሰብ ይጠግባል፥ ያኛው ይራባል ብሎ መፍረድ፥ ሚዛንን ባንድ ወገን ብቻ ጭኖ እንደ መመዘን ይቈጠራል። በሁለተኛው ወገን መቀመጥ የሚገባው፥ ያ ቤተ ሰብ በእህል የሚለውጠው ነገር በዚያው ቀን በዚያው ገበያ ምን ያኽል ያወጣል የሚለው ነው። ይኸውም ለገበሬው በጉና በሬው፥ ለቀን ሠራተኛው ጕልበቱ፥ ለመምህሩና ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ደመወዙ ነው።

ይህን ነገር ለማስረዳት የመካነ ሰላምን አገር መርጠናል። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ይህ ቦረና በደቡብ ኢትዮጵያ ድንበር ካለው ቦረና ጋራ በስም ቢመሳሰልም ሌላ አገር ነው። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ የለጋምቦን ውርጫማ ደጋ ያገኛል፤ ከዚያም ወደ ቦረና ይደርሳል፤ ከቦረናም በስተ ምዕራብ አገሩ እየወረደ ሄዶ ከጎጃም በሚለየው በዓባይ ሸለቆ ይፈጸማል። ስለዚህ በደጋው ገብስና ባቄላ፥ በወይና ደጋው ጤፍና ስንዴ፥ በቆላው ማሽላ ይበቅላል። የደጋው ሰው በግ ይዞ ይወርዳል፥ የቆላው ሰው እህል ይዞ ይወጣል። ከተማዪቱም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ያለባት ስለ ሆነች፥ ከገበሬው ሌላ በደመወዝና በኪራይ ቤት የሚኖር ብዙ ሰው አለባት። ባንድ ገበያ ውስጥ ሦስት ዓይነት ገዢ ይገናኛል ማለት ነው፤ የእያንዳንዱም ችግር የተለያየ ነው።

አስቀድመን የቀለቡን ልክ እንቍጠር። በአገራችን የተራድኦ ሥራ የታወቀው ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፥ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፥ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ዘይት ነው። ይህ ሰውን በሕይወት ለማቈየት የተወሰነ እንጂ የጥጋብ ልክ አይደለም። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በዚህ ልክ ቢኖር በወር 90 ኪሎ፥ በዓመት ከ10 ኩንታል በላይ እህል ያስፈልገዋል። ለዘር የሚቀመጠው፥ ለእንግዳና ለበዓል የሚወጣው፥ ነቀዝና አይጥ የሚበላው በዚህ ውስጥ አልተቈጠረም።

ከመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ገበያ የጤፍ ዋጋ በኩንታል ከ10,000 ብር ማለፉን የሚያስታውስ ሰው፥ ዋጋው በዚያ ቆሞ ቢሆን እንኳ 6,000 ብር የሚገዛው 60 ኪሎ ብቻ መሆኑን ወዲያው ያሰላል። ለስድስት ሰው ከሚበቃው ሠላሳ ኪሎ ይጎድላል፤ የቤት ኪራይ፥ ማገዶ፥ ሳሙናና የልጆች ደብተር ገና አልተነሡም። ኤርንስት ኤንግል የተባለ የጀርመን ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1857 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ ቤተ ሰብ ደኻ በሆነ መጠን ከገቢው ለምግብ የሚያወጣው እጅ እየበዛ ይሄዳል። በአገራችን የዋጋ ስሌትም ቢሆን ምግብ ከጠቅላላው የቤት ወጪ ከግማሽ የሚበልጠውን ይይዛል። ስለዚህ የእህል ዋጋ ጥቂት ሲጨምር ባለጠጋው ስለ ምሬት ያወራል፥ ደኻው ግን ከራቱ ይቀንሳል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ ከ58 ብር በታች የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለመካነ ሰላም ገበሬ ዶላር ምኑ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ማዳበሪያው ከውጭ አገር የሚመጣ ነው፤ የምግብ ዘይቱም የሚበዛው እንዲሁ ነው፤ የጭነት መኪናው ነዳጅም እንዲሁ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ከሆነው ውጊያ የተነሣም መንገድ በተዘጋ ቍጥር፥ የተረፈው እህል ካለበት ገበያ ወዳጠረበት ገበያ መድረስ ይሳነዋል፤ በሁለት ጎረቤት ወረዳዎች መካከል እንኳ ዋጋው ይራራቃል።

አሁን ወደ ገበሬው እንመለስ፤ ነገሩ እጅግ የሚከፋው በእርሱ ላይ ነውና። ገበሬ እህል አምራች ስለ ሆነ የእህል መወደድ ይጠቅመዋል ብለው የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ይህ አሳብ ሰፊ መሬት ላለው ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። የደቡብ ወሎ ደገኛ ግን የሚበዛው መሬቱ ጠባብ ስለ ሆነ፥ ባንዱ ወር ሻጭ በሌላው ወር ገዢ ነው። መከሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። አውድማው ሳይጠረግ የመሬት ግብር፥ የጤና መድኅን መዋጮ፥ ለማዳበሪያ የተበደረው ብር፥ የማኅበርና የእድር ክፍያ ይጠየቃል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ በጥር እህል ይረክሳል። ያው ገበሬ ጎተራው ባዶ ሲሆን በሐምሌና በነሐሴ፥ በጥር የሸጠውን ዓይነት እህል ከነጋዴ እጅ መልሶ በውድ ዋጋ ይገዛል። በልግ በሚዘራበት ደጋ የበልጉ ገብስ በሰኔና በሐምሌ ደርሶ ይህን ክፍተት ይሞላለት ነበር፤ በልግ የቀረ እንደ ሆነ ግን የክረምቱ ወራት ከመንፈቅ ይልቅ ይረዝማሉ። በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም በተበላሸ ጊዜ፥ በማግሥቱ ዓመት በመላው ኢትዮጵያ 10.2 ሚሊዮን ሰው የዕለት እርዳታ እንዲያስፈልገው ሆኗል፤ ወሎም ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበር።

እህል ለመግዛት ገበሬው የሚነዳው በጉን ነው። የበግ ዋጋ ለፋሲካ፥ ለዐረፋና ለእንቍጣጣሽ ይወጣል፤ በዐቢይ ጾም መካከል ይወርዳል። ዝናብ በቀረበት ዓመት ደግሞ ሣሩም ስለሚደርቅ ሰው ሁሉ ባንድ ቀን በጉን ለገበያ ያወጣል፤ በጉም የከሳ ስለ ሆነ ዋጋው ይወድቃል። ለስሌት ያኽል እንበል፤ በጥር አንድ በግ ሃምሳ ኪሎ ገብስ የሚገዛ ቢሆን፥ በነሐሴ የገብሱ ዋጋ አንድ ብር እንኳ ሳይጨምር የበጉ ዋጋ በግማሽ ቢወርድ፥ ለዚያው ሃምሳ ኪሎ ሁለት በግ ያስፈልጋል። የዋጋ ጸሓፊው በደብተሩ ገብስ አልተወደደም ብሎ ይጽፋል። የባለ በጉ ልጆች ግን ግማሽ እንጀራ ይበላሉ።

ይህ አሳብ ከእኛ የመነጨ አይደለም፤ ወሎ ራሷ ለዓለም ያስተማረችው ነው። አማርትያ ሴን የተባለው የህንድ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ በ1965 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረኃብ መርምሮ ነበር። ያገኘው ነገር ብዙዎችን አስደነቀ። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ጠቅላላ የእህል ምርት ከወትሮው እጅግ የጐደለ አልነበረም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደሚታሰበው ወደ ሰማይ አልወጣም፤ እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወደ ሌላ አገር ይጫን ነበር። በተለይ በምሥራቁ የወሎ ክፍል ሕዝቡ ያለቀው፥ የራሱ አዝመራ ስለ ከሸፈና ከብቱ እህል የመግዛት ኃይል ስላጣ ነው። ሴን በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በዚያን ጊዜ የነበሩ ሹማምንት የእህሉን ዋጋ አይተው ክፉ ነገር የለም ቢሉ፥ የተመለከቱት ደብተር አላስዋሻቸውም፤ የጎደለው ሁለተኛው ደብተር ነበር።

የመጻሕፍት አንባቢ የሆኑ ካህናት ይህን ነገር ከኦሪት ዘፍጥረት ያውቁታል። ስለ ዮሴፍ በሚነገርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው አርባ አንደኛው ምዕራፍ ነው፤ በጥጋቡ ዘመን አምስተኛውን እጅ ማከማቸቱ። አርባ ሰባተኛው ምዕራፍ ግን እምብዛም አይሰበክም። በዚያ የግብጽ ሰዎች አስቀድመው ብራቸውን፥ ቀጥለው ከብታቸውን፥ በመጨረሻም መሬታቸውንና ራሳቸውን ለእህል ሰጡ። የወሎ ገበሬም በክፉ ዓመት የሚከተለው ሥርዓት ይኸው ነው፤ በጉን፥ ከዚያ ላሟን፥ ከዚያ በሬውን ይሸጣል። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፤ ነገር ግን በሬውን የሸጠ ሰው መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ይሰጣል፤ የሚመጣው ዓመት መከርም ገና ሳይዘራ ግማሹ ከእጁ ወጥቷል። ስለዚህ እርዳታ የሚደርሰው በሬው ከመሸጡ በፊት እንደ ሆነ ትንሹ ብዙ ይሠራል፤ ከተሸጠ በኋላ እንደ ሆነ ግን ብዙው ትንሽ ይሠራል።

ስለ ቤት ውስጥ ቍጠባም ጥቂት ልንናገር ይገባል፤ ምንም እንኳ ድኻን ቈጥብ ብሎ መምከር ቀላል ቢሆን። በከተማ ያለ ባለ ደመወዝ ነጭ ጤፍ ካልተበላ ክብር የጎደለ ይመስለዋል። ገብስ ግን የአገሩ እህል ነው፤ እንጀራም፥ ቂጣም፥ በሶም፥ ቆሎም ይሆናል፤ ከባቄላና ከአተር ሽሮ ጋራ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ጤፍ የሚያመርተው ገበሬ ጤፉን ሸጦ ገብስና ማሽላ መግዛቱም እንደ ስስት ሊቈጠርበት አይገባም፤ ባንዱ ኩንታል ከአንድ የበለጠ ኩንታል ያገኝበታልና። ደግሞም ጤፍን ነቀዝ እምብዛም ስለማይነካው፥ መሸጥ ግድ በሆነ ጊዜ ቶሎ የሚበላሸውን ማሽላና ባቄላ አስቀድሞ ሸጦ ጤፉን ዋጋው እስኪወጣ ማቈየት ብልኅነት ነው። ለጾም ቀን በውጭ ዘይት ፋንታ ተልባና ሱፍ አያቶቻችን የኖሩበት ነው።

በርካሽነቱ የተነሣ ልብ ሊባልበት የሚገባ አንድ እህል አለ፤ እርሱም ጓያ ነው። ጓያ ድርቅንም የውሃ ብዛትንም ስለሚችል፥ ሌላው ሲጠፋ እርሱ ይገኛል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በደላንታና በዳውንት ችግር በጸና ጊዜ፥ ብዙ ሰዎች፥ ይልቁንም ወጣቶች፥ ጓያን ዕለት ዕለት ከመብላት የተነሣ እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀርቷል። ይህም የማይድን ነው። በዚያ የተደረገው ምርመራ እንዳሳየ፥ በቆሎነት፥ በንፍሮነት ወይም በእሸትነት ብቻውን መብላት አደጋውን ያበዛዋል፤ ከሌላ እህል ጋራ ተደባልቆ ሲበላ አደጋው ይቀንሳል። በገበያ የሚሸጠው ርካሽ የሽሮ ዱቄት ከምን እንደ ተፈጨ የሚቈጣጠር ሹም ቢኖር፥ ይህ ለአንድ ወረዳ የጤና ጽሕፈት ቤት ከባድ ሥራ አይደለም።

ካህናት የንስሓ አባቶች በመሆናቸው የየቤቱን ጓዳ ከማንም ሹም ይልቅ ያውቃሉ። ለተዝካር ተብሎ በብድር የሚጠመቀው ጠላና የሚታረደው በሬ፥ የሞተውን ሰው ልጆች በክረምት እህል ሸማች እንደሚያደርጋቸው የንስሓ አባት ሳያይ አይቀርም። በሟች ስም ለድኻ የሚሰጥ እህል ከድግስ እንደማያንስ ከእርሱ አፍ ቢነገር ይሰማል፤ ከግብርና ሠራተኛ አፍ ቢነገር ግን ድፍረት ይመስላል። በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ ባንድ ገበያና ባንድ እድር የሚኖር ስለ ሆነ፥ ሼኾችም ይህንኑ ቢናገሩ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል።

ከወረዳ ሹማምንት የሚጠበቀው ሌላ ነው። ግብርና ዕዳ ሁሉ በታኅሣሥና በጥር ተደራርቦ ከሚጠየቅ፥ ግማሹ እስከ ሚያዝያ ድረስ ቢዘገይ መንግሥት ከገንዘቡ አንዳች አይጐድልበትም፤ ገበሬው ግን እህሉን በርካሽ ከመጣል ይድናል። ዕዳ እንዲዘገይ ሲደረግ ማከማቻው አብሮ መታሰብ አለበት፤ ነቀዝ የሚበላው እህል ተጠብቆ አይጠቅምምና። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ያለ መድኃኒት ነቀዙን አፍኖ የሚገድል ስለ ሆነ፥ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከማዳበሪያው ጋራ አብረው ቢያቀርቡት መልካም ነው። የሴፍቲኔት እርዳታም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው ገበሬው ጥሪቱን እንዳይሸጥ ስለ ነበረ፥ በብር የሚከፈለው ክፍያ በጊዜው ካልደረሰ ወይም እህል ከተወደደ በኋላ ከደረሰ የታሰበውን አይሠራም።

የገበያው መዝገብ ደግሞ አራት ዓምድ ቢኖረው ይበቃል። በመጀመሪያው የገብስና የጤፍ ዋጋ፥ በሁለተኛው የአንድ መካከለኛ በግ ዋጋ፥ በሦስተኛው የቀን ሠራተኛ ዋጋ፥ በአራተኛው አንድ በግና የአንድ ቀን ሥራ ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዙ ይጻፍ። የአራተኛው ዓምድ ቍጥር በተከታታይ ሦስት ገበያ ከወረደ፥ የወረዳው አስተዳዳሪ የዞኑን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ለደሴ የሚያስታውቅበት ደንብ ይውጣ። ለዚህ ሥራ አንድ ጸሓፊና አንድ ደብተር ያስፈልጋሉ፤ ጊዜውም ከበልግ ዝናብ አስቀድሞ ቢሆን ይሻላል።