የመጽሐፍ ቅርጫ እንግባ!

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ የዕለት እንጀራቸው ከመንግሥት ሥራ እንጂ ከብዕራቸው አልነበረም። ዛሬም የፍቅር ልቦለድ የሚጽፍ ብዙ ሰው ቀን ሌላ ሥራ ሠርቶ ሌሊት ይጽፋል። እኛ ተማሪዎች ግን አንዱን ቅጂ ለሃያ ተዋውሰን ካነበብን በኋላ «ደራሲ ጠፋ!» እንላለን። መዋዋሱን አንነቅፍም፤ ነገር ግን የሚገዛ ከሌለ የምንዋዋሰው ከየት ይመጣል?

ወላጆቻችን ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ገንዘብ አዋጥተው የበሬ ቅርጫ ሲገቡ አይተን አድገናል። ታዲያ በአንድ ክፍል የምናድር ተማሪዎች ለመጪው በዓል የመጽሐፍ ቅርጫ ብንገባ ምን ይከፋል? ሥጋው በሳምንት ያልቃል፤ መጽሐፉ ግን ለከርሞ ገቢ ተማሪም ይተርፋል። ደራሲውም እንደ ማንኛችንም ለበዓሉ ዶሮ መግዛት አለበትና፥ ምስጋናችን ከአፍ አልፎ ከኪሳችን ይድረስ!