ከቡጢው በፊት ጸጥታው

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የ17 ዓመት ወጣት ቀኝ እጁ አብጦ ከአባቱ ጋር ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባ። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው «ወደቅሁ» አለኝ። የተሰበረው ግን ከትንሿ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ አጥንት ነበር። እንዲህ ያለውን ስብራት አብዛኛውን ጊዜ የምናየው በቡጢ ጠንካራ ነገር በመቱ ሰዎች ላይ ነው። ብቻችንን ስንሆን እውነቱን ነገረኝ። ካራቴ ሲለማመድ ጓደኛው አሸነፈው፤ ሌሎቹም ሳቁበት፤ በንዴት የብሎኬት ግድግዳ መታ።

አባት ሲወጡ «ዶክተር፣ ይህን ካራቴ የሚሉትን ነገር እንዲተው ይምከሩልኝ» አሉኝ። እኔ ግን እንዲተው አልመከርኩትም። ያልተማረውን ግማሹን እንዲማር ነው የመከርኩት።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉ ከተሞች ከትምህርት መልስ የሚለማመዱ ወጣቶችን አያለሁ። ብዙዎቹ ከፊልም የወሰዱት ምቱንና እርግጫውን ነው። ካራቴ በጃፓንኛ «ባዶ እጅ» ማለት ሲሆን «ካራቴ ዶ» ሲባል ደግሞ «ዶ» የሚለው ቃል መንገድ ማለት ነው፤ ከተማችን ፍኖተ ሰላም ስሟን ያገኘችበት የግዕዙ «ፍኖት» እንደማለት። እ.ኤ.አ በ1922 ካራቴን ከኦኪናዋ ወስደው በቶኪዮ ያሳዩት ጊቺን ፉናኮሺ ሙያቸው መምህርነት ነበር። በካራቴ ቀድሞ መምታት እንደሌለም ያስተምሩ ነበር። በብዙ የካራቴ ቤቶች ልምምዱ የሚጀመረውና የሚያበቃው ተንበርክኮ፣ ዓይንን ጨፍኖ፣ በእርጋታ በመተንፈስ ነው። ይህን «ሞኩሶ» ይሉታል።

ይህ ጸጥታ ለጌጥ የተጨመረ ሥርዓት እንዳልሆነ የሰውነታችን አሠራር ይነግረናል። ክንድን የሚዘረጋና የሚያጥፍ ጡንቻ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ። የተቆጣ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይወጥራል፤ ያን ጊዜ አጣፊው ዘርጊውን እንደ ፍሬን ይይዘዋል። ምቱ ይዘገያል፣ የእጁ አንጓም ይጣመማል። የረጋ ሰው ክንዱን ላላ አድርጎ ይሰድና ጭብጡን የሚያጠብቀው ሊያርፍ ሲል ብቻ ነው። እንጨት ፈላጭም ይህን ያውቃል፤ መጥረቢያውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨምድዶ የሚይዝ ቶሎ ይደክማል። ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ በተለይም አወጣጡን ማርዘም፣ የልብ ምትን ያረጋጋል።

ስለዚህ ለሠልጣኞችና ለአሠልጣኞች የምመክረው የሚከተለውን ነው። ከልምምድ በፊትና በኋላ አምስት ደቂቃ ጸጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ አየር በአፍንጫ እስከ አራት፣ ስታወጡ ደግሞ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ። ስትመቱ አንጓችሁ ቀጥ ይበል፤ ምቱም በአመልካችና በመሐል ጣት መገጣጠሚያ ይረፍ። አጥንታቸው አድጎ ያልጨረሰ ልጆች ጡብና ግድግዳ እንዲመቱ አታድርጉ። ቡጢያችሁ የሰው ጥርስ ነክቶት ከቆሰለ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ቀን ታጥባችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ በአፍ ውስጥ ያሉ ጀርሞች መገጣጠሚያውን ሊያበላሹት ይችላሉ። የተናደደን ሠልጣኝ ወደ ግጥሚያ አታስገቡ። ራሱን የተመታና የዞረበትም በዚያ ቀን ወደ ልምምድ አይመለስ።

ነገሩ የካራቲስቶች ብቻ አይደለም። በገጠሩ አካባቢያችን ዱላ ከትከሻ አይለይም፤ በድንበር ክርክርና በበዓል ሞቅታ መሐል የሚነሳው ግን በንዴት ነው። ራሱን የተመታ ሰው አንዳንዴ ነቅቶ፣ አውርቶ፣ በእግሩ ቤቱ ከገባ በኋላ ሊወድቅ ይችላል። በራስ ቅሉ ውስጥ የሚፈሰው ደም ቀስ በቀስ አንጎሉን ስለሚጫን ነው። የሚብስ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የማይነቃ እንቅልፍ፣ የተምታታ ንግግር፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት ወይም የእጅና እግር መስነፍ ከታየ «ይተኛና ይሻለዋል» አይባልም። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የተመታ አንጎል ግን ሁልጊዜ እንደነበረ አይመለስም።

የዚያ ወጣት እጅ ከጄሶ ወጥቷል። በመጨረሻው ቀጠሮው አባቱን «ልጅዎ ወደ ልምምዱ ይመለስ፤ ነገር ግን አሠልጣኙ መጀመሪያ ዝም ብሎ መቀመጥን የሚያስተምር መሆኑን ሄደው ይዩ» አልኳቸው። ልጆቻችሁ የሚለማመዱ ወላጆችም ይህንኑ እንድታዩ እመክራለሁ።