ወይዘሮዋ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ምን ይልበሱ?

ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ልብሱ ይናገርለታል። ወጣቶች ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ ትምህርቱን የፈጸመ ልጅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲጠራ ከጓደኛው ክራባት ይዋሳል፤ ጫማውን ሊስትሮ ዘንድ ያስወለውላል፤ መካሪም አያጣም። ነገር ግን ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ወይም የቀድሞ ሥራቸው ተዘግቶባቸው፣ በአርባና በሃምሳ ዓመት መካከል ሳሉ ሥራ ፈላጊ ሆነው ለሚቀርቡ ወይዛዝርት እንዲህ ያለውን ምክር የሚሰጥ ጥቂት ነው። «በዚህ ዕድሜ ስለ ልብስ ምን ያስጨንቃል?» እየተባለ ነገሩ ይታለፋል። እናንተ ተማሪዎችና ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባቢዎቼም ነገሩ አያገባንም አትበሉ፤ ከእነዚህ ወይዛዝርት አንዷ እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ይሆናሉና።

ነገሩ ከጌጥ በላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. በወጡት የጡረታ አዋጆች፣ ማለት ለመንግሥት ሠራተኞች በቁጥር 1267፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ በቁጥር 1268፣ መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ወጥቶ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘትም ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። እንግዲህ ሂሳቡን አስቡት። ቀድሞ የተቆጠረ አገልግሎት የሌላቸው ወይዘሮ በ48 ዓመታቸው ቢቀጠሩ 12 ዓመት ሠርተው አበላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሦስት ዓመት ቢዘገዩ ግን የሚቀራቸው 9 ዓመት ብቻ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት አንድ ቃለ መጠይቅ ቢያመልጠው ሌላ ይጠብቃል፤ ለእኒህ እናት ግን ጊዜው አጭር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ለሠርግ እንደ ተጠሩ ሆኖ መልበስ ነው። የአበሻ ቀሚስ ክብራችን መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ባለ ሰፊ ጥልፍ ቀሚስ፣ የአንገት ወርቅና ከትከሻ የሚንሸራተት ነጠላ ለበዓል ቀን የተገቡ ናቸው። ወረቀት ለመቀበል እጅ ሲዘረጋ ነጠላው ይወድቃል፤ እርሱን ሲያነሡ ሐሳብ ይበተናል። በአገር ልብስ መቅረብ የሚወዱ ጥለቱ ጠባብ የሆነ ቀሚስ ከኮት ጋር ቢለብሱ ያምርባቸዋል።

ሁለተኛው ከሴት ልጅ ቁም ሣጥን መዋስ ነው። ዕድሜን ለመሸሸግ ተብሎ የተጣበቀ ሱሪና ረዥም ታኮ ሲደረግ፣ ልብሱ የሚሸሸግ ነገር መኖሩን ራሱ ይናገራል። የትውልድ ዘመኑ በማመልከቻው ላይ ተጽፎ ሳለ ማንን ለማታለል ነው?

ሦስተኛው ጥቁር በጥቁር መልበስ ነው። በውጭ አገር ጥቁር ሙሉ ልብስ ለመሥሪያ ቤት ተስማሚ ነው ይባላል። በእኛ አገር ግን ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ጥቁር ሻሽ ካሰሩ፣ ያየ ሁሉ «ማን ሞቶባቸው ይሆን?» ማለቱ አይቀርም። በውነት ሐዘን ላይ ያሉ እንደ ሆነ የሚነቅፋቸው የለም። ካልሆነ ግን ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ቀሚስና ኮት፣ ከውስጥም ነጭ ሸሚዝ ይሻላል።

«ይህ ሁሉ በምን ገንዘብ?» የሚል ይኖራል። ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ኮት የሰፈር ልብስ ሰፊ ትከሻውንና እጅጌውን ካስተካከለው፣ ከታላቅ ሱቅ ተገዝቶ ልክ ካልሆነው ይበልጣል። ቃለ መጠይቅ ተቀምጠው የሚፈተኑት ፈተና ስለ ሆነም፣ ልብሱ በመስተዋት ፊት ቆሞ ከታየ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሞከር። ቀሚሱ ከጉልበት በላይ ከሸሸ ወይም የኮቱ ቁልፍ ከተወጠረ፣ ልብስ ሰፊው እንደ ገና ይየው። ጫማው ታኮው ዝቅ ያለ፣ እግርም የለመደው ይሁን፤ በአዲስ አበባ አሳንሰሩ ተበላሽቶ አራተኛ ፎቅ በእግር መውጣት ብርቅ አይደለም። ልብሱ በዋዜማው ተተኩሶ ከወጥ ቤቱና ከቡናው ጭስ ርቆ ይሰቀል። ሻሽ ወይም ሒጃብ የሚያስሩ ከኮቱ ቀለም ጋር የሚስማማውን መርጠው በመርፌ ቁልፍ ያጥብቁት። ሽበትን መቀባትና አለመቀባት የባለቤቲቱ ፈቃድ ነው፤ ጫፉ ጠቁሮ ሥሩ ነጭ ሆኖ ሲታይ ግን ቸልተኝነት ይመስላል።

ከሁሉ በላይ መነጽር እንዳይረሳ! አርጅታለች እንዳይሉኝ ብለው መነጽራቸውን ቤት ትተው የሚሄዱ አሉ። ጠያቂው አንድ ደብዳቤ አቅርቦ «እስቲ ያንብቡት» ያለ እንደ ሆነ፣ ወረቀቱን እያራቁና እያቀረቡ መቸገር ይመጣል። ያን ጊዜ ጠያቂው ዓይናቸው መድከሙን ትቶ ችሎታቸውን ይጠራጠራል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይሏል ይህ ነው።

በመጨረሻ ለእኛ ለወጣቶቹ አንድ ቃል አለኝ። ወይዘሮዋ ይህን ሁሉ አሟልተው ከመሥሪያ ቤቱ በር ሲደርሱ፣ ተቀባዩ ወጣት ቀና ብሎ «ማዘር፣ ማንን ፈልገው ነው?» ይላቸዋል። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ማክበሩ ነው። ነገር ግን የልጅ እናት እንጂ የሥራ አመልካች ሆነው አልታዩትም፤ በዚያች ቃል ምክንያት በልባቸው ያዘጋጁት ንግግር ከደጅ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ የምትቀመጡ አንባቢዎቼ፣ «እንደምን አደሩ፣ ለቃለ መጠይቅ ነው የመጡት?» ብላችሁ ወንበር አሳዩአቸው። ለባለ ጉዳይ መጥተው ከሆነ ራሳቸው ይነግሯችኋል።