ከእንቁላሉ እስከ በሬው

ሙስና የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር አብዛኞቻችን ወደ ላይ እናንጋጥጣለን። በኅሊናችን የሚቀረጸው ሥዕል በሚሊዮን የሚቆጠር የሕዝብ ገንዘብ፣ በስውር የተላለፈ መሬትና ለዘመድ የተሰጠ ጨረታ ነው። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ሰው ከራሱ ተጠያቂነት የሚሸሸግበት ምቹ ጥላ ነው። አንደኛውን እጃችንን ወደ ላይ በቀሰርንበት በዚያው ቅጽበት ሌላው እጃችን በማመልከቻ ወረቀት መካከል ሁለት መቶ ብር ሸጉጦ በመስኮት እያቀበለ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ትልቁን ዝርፊያ ሳይሆን፣ ለትልቁ ዝርፊያ አፈርና ውሃ የሚሆነውን ጥቃቅን ዕለታዊ እምነት ማጉደል ነው።

ሰፊው ሕዝብ ይህን ጉዳይ ከማናቸውም ሊቅ አስቀድሞ ተገንዝቦታል። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ የማያውቅ የለም። አንድ ልጅ ከጎረቤት አንዲት እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣል፤ እናቲቱም ከየት አመጣህ ሳትል ቀቅላ ታበላዋለች። ልጁ ከእንቁላል ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ በሬ እየተሸጋገረ ያድግና በመጨረሻ በበሬው ተይዞ ሞት ሲፈረድበት ወቀሳውን የሚወረውረው ወደ እናቱ ነው። በዚህ ተረት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ሌባው ብቻ አይደለም፤ እሳቱን ያነደደችው፣ ድስቱን የጣደችው፣ አብራ የበላችውም ናት። ስርቆቱ የግለሰብ ነበር፤ ዝምታው ግን ማኅበራዊ ነው።

በተፈጥሮም ሆነ በኅብረተሰብ ሕይወት መጠናዊ ለውጥ ተከማችቶ ዓይነታዊ ለውጥን እንደሚያስከትል የታወቀ ነው። ውሃ ሲሞቅ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ይፈላል፤ የፈላው ግን በመጨረሻዋ ዲግሪ ሙቀት ብቻ አይደለም። ይህ ሕግ በሥነ ምግባር ረገድ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የዕለት ተዕለት ሒሳብ መሥራት ይበቃል። አንድ ነጋዴ ከእያንዳንዱ ኪሎ 50 ግራም ቢያጎድል ገዢው በእጁ መዝኖ አያውቀውም፤ ከ20 ገዢዎች በኋላ ግን አንድ ሙሉ ኪሎ ከድሆች ቅርጫት ወጥቶ በነጋዴው ጆንያ ውስጥ ተመልሷል። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በየቀኑ አንድ ሰዓት አርፍዶ ቢገባና በዓመት 250 የሥራ ቀን ብንቆጥር 250 ሰዓት ይባክናል፤ ይህም በቀን 8 ሰዓት ሲሰላ ከ31 የሥራ ቀን በላይ ነው። መቶ ሠራተኞች ባሉበት መሥሪያ ቤት ሁሉም እንዲሁ ቢያደርጉ፣ አሥራ ሁለት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ሥራ ሳይገቡ ደመወዝ እንደተቀበሉ ይቆጠራል። ማንም ግን ራሱን «ሰረቅሁ» አይልም፤ «ታክሲ አጣሁ» ይላል እንጂ።

ሌላም ምሳሌ እናንሣ። የተጨማሪ እሴት ታክስ በአገራችን በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ መደበኛ መጣኔው 15 በመቶ ነው። ወደ ሱቅ ገብተን የ10,000 ብር ዕቃ ስናነሣ፣ ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ሲል ይጠይቀናል። ይህች አጭር ጥያቄ በዘመናችን ከሚቀርቡልን ፈተናዎች ሁሉ የተለመደችው ናት። «ያለ ደረሰኝ» ያልን እንደሆነ 1,500 ብር የተቀነሰልን ይመስለናል። በእውነቱ ግን ነጋዴው የሰወረው ታክሱን ብቻ አይደለም፤ ሽያጩ ራሱ ከመዝገብ ስለሚጠፋ ከትርፉ የሚከፈለው ግብርም አብሮ ይጠፋል። እኛ ያገኘነው የአንድ ቀን ቅናሽ ነው፤ እርሱ ያገኘው የዓመት መደበቂያ ነው። ማታ ቤታችን ገብተን በጤና ጣቢያው መድኃኒት ስለመጥፋቱ፣ በመንገዱም ስለመቦርቦሩ ስናማርር፣ የመድኃኒቱና የጠጠሩ ገንዘብ ጠዋት ከእኛው እጅ እንደወጣ አናስታውስም።

ለመሆኑ ይህ ልማድ ከየት መጣ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የተጨባጭ ኑሮ ነጸብራቅ ነው። በጥንቱ የባላባት ሥርዓት ሹም ከግምጃ ቤት ወርኃዊ ደመወዝ አይቆረጥለትም ነበር። መተዳደሪያው በጉልት የተሰጠው አገር ገበሬ የሚያገባው ግብርና የሚሠራው ጉልበት ነበር። ዳኛውም ቢሆን ተሟጋቾች ከሚወራረዱት ውርርድና ከዳኝነት ክፍያ ድርሻ ነበረው። እንዲህ ባለው ሥርዓት መሾምና መብላት ሁለት ነገሮች አልነበሩም። ባለጉዳይም ወደ ሹም ደጅ ማር፣ ቅቤ ወይም ሙክት ይዞ መሄዱ ወግ እንጂ ነውር አልነበረም፤ ስሙም እጅ መንሻ ይባል ነበር።

የጉልት መብት በ1958 ዓ.ም. በሕግ ተሻረ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑም በየካቲት 1967 ዓ.ም. ታወጀ። ሹሙ ደመወዝተኛ፣ ገበሬው ባለ ይዞታ፣ ባለጉዳዩም ዜጋ ሆነ። በሌላ አነጋገር የአባባሉ ቁሳዊ መሠረት ፈርሷል። ይሁን እንጂ አስተሳሰብ ከወለደው ሥርዓት ጋር በአንድ ቀን አይቀበርም። ማሩና ሙክቱ «ለሻይ» ወደሚባል ብር፣ ብሩም በፖስታ ወደሚሰጥ «ማበረታቻ»፣ ፖስታውም ዛሬ በስልክ ወደሚተላለፍ ገንዘብ ተለወጠ። ደጅ ጥናቱ በመስኮት ፊት ሰልፍ ሆነ። ሌላው ሁሉ ቢለዋወጥም በአገልጋይና በተገልጋይ መካከል ያለው ግንኙነት በብዙ ሥፍራ የሹምና የጭሰኛ እንደሆነ ቀርቷል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ክርክር ይነሣል። «ደመወዙ የማያኖር ሰው ምን ያድርግ?» ይባላል። ክርክሩ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ወርኃዊ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ የቤት ኪራዩን፣ የጤፉንና የዘይቱን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ግን ይህ ገንዘብ ወሩን ሙሉ እንደማይዘልቅ ያውቃል። የሠራተኛው ኑሮ እንዲሻሻል መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ድህነት ጉቦን ያብራራል እንጂ ትክክል አያደርገውም። ምክንያቱም ጥያቄው «ከማን ተወሰደ?» የሚለው ነው። በመስኮት ሥር የምታልፈው ሁለት መቶ ብር ከባለጸጋ ካዝና አትመጣም፤ ባለጸጋው ጉዳዩን የሚያስፈጽምበት ሌላ በር አለው። የምትመጣው ከቀን ሠራተኛው፣ ጉሊት ቸርቻሪ ከሆነችው እናት፣ ለልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጣ ከሥራ ከቀረው ጥበቃ ነው። የሰጠው ወደ ፊት ሲያልፍ ያልሰጠው ደግሞ ተራውን ይነጠቃል። እንግዲህ ጉቦ የድሃው አገልጋይ መጦሪያ መስሎ ቢታይም፣ በተግባር ድሃ በድሃ ላይ የሚጥለው ግብር ነው።

ከልጅነት የሚጀምረውን እንቁላል ደግሞ በትምህርት ቤት እናገኘዋለን። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መባቻ ከየትምህርት ቤታቸው ተነሥተው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር እንዲፈተኑ ተደረገ። ለፈተና ከተቀመጡት 896 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በተከታዮቹ ሦስት የትምህርት ዘመናት አኃዙ 3.2፣ 5.4 እና 8.4 በመቶ ነበር። ይህን ውጤት የኩረጃ መቅረት ብቻ አላመጣውም፤ የመጻሕፍት እጦት፣ የመምህራን ኑሮ መጎሳቆልና ጦርነት ያቋረጠው ትምህርትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ኩረጃ ያደረሰው ጉዳት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ኩረጃ ትኩሳታችንን የምንለካበትን መሣሪያ ራሱን ሰብሮብን ነበር። ልጆቻችን እንዳልተማሩ ሳናውቅ ዓመታት አለፉ። መልስ ያቀበለው ጓደኛ «ወዳጅነት ነው» አለ፤ ፊቱን ያዞረው ፈታኝ «ርኅራኄ ነው» አለ፤ ወላጁም የተደሰተበትን ውጤት ከየት አመጣኸው ብሎ አልጠየቀም። ሁሉም በየፊናው እንቁላሉን ቀቀለ። እንዲህ ያለፈ ተማሪ ነገ መሐንዲስ ሆኖ ድልድይ፣ ሐኪም ሆኖ የሰው ሕይወት ይረከባል። በሬው ይህ ነው።

ይህን በሽታ በአዋጅና በተቋም ለመግታት ያልተሞከረ ዘመን የለም። በ1974 ዓ.ም. የሠራተኛው ሕዝብ ቁጥጥር ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተመሠረተ። በ2002 ዓ.ም. የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ጉቦ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም የሚቀጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ወጣ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የፀረ ሙስና ትግሉን የሚያስተባብር ብሔራዊ ኮሚቴ ተሰየመ። የእነዚህን ሁሉ አስፈላጊነት አንክድም። ይሁን እንጂ ከታሪክ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቁጥጥሩ በስም የሕዝብ በነበረበት ዘመን እንኳ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በጓሮ በር ይወጣ ነበር፤ ሂስና ግለ ሂስም የስብሰባ ማሟሻ ሥርዓት ሆኖ ቀርቶ ነበር። ተቆጣጣሪውን የሚጠይቅ ነፃና ደፋር ኅብረተሰብ በሌለበት፣ ቁጥጥር ራሱ ሌላ መስኮት ይሆናል።

በዛሬው ጊዜ ተስፋችንን በማሽን ላይ የምንጥልም አለን። አገልግሎት በኤሌክትሮኒክ ዘዴ መሰጠቱ፣ ክፍያም በስልክ መፈጸሙ እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ የአገልጋይንና የተገልጋይን የድብቅ መገናኛ ያጠብባልና። ነገር ግን «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል የሚናገረው ማሽኑ ሳይሆን ሰው ነው።

ይህን ስንጽፍ ራሳችንን ከወቀሳ ውጭ አናደርግም። እኛ ብዕር የያዝን ሰዎች ለዜና በተጠራንበት ስብሰባ መጨረሻ «ለትራንስፖርት» ተብሎ የተዘጋጀ ፖስታ ሲታደል አይተናል፤ ተቀብለንም እናውቃለን። ማንም ዜናውን እንድናጣምም አልጠየቀንም። በማግስቱ ግን ስለዚያ መሥሪያ ቤት ጉድለት ልንጽፍ ስንቀመጥ ብዕራችን እንደወትሮው አልፈጠነም። ጉቦ ትእዛዝ አይሰጥም፤ ኅሊናን ባለዕዳ አድርጎ ይተዋል። ትንሽ በመሆኑ የማይጎዳ የሚመስለን ፈተና አደገኛነቱ እዚህ ላይ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አይተናል። በአንድ ወቅት ጉዳይ ልናስፈጽም በሄድንበት መሥሪያ ቤት፣ በጡረታ ዋዜማ ላይ የነበሩ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አንድ ወጣት ያቀበላቸውን ፋይል ሲገልጡ በመካከሉ የታጠፈ ብር አገኙ። አልጮኹም፤ አላዋረዱትም። «ልጄ፣ ገንዘብህን ፋይሉ ውስጥ ረስተኸዋል» ብለው በሰው ሁሉ ፊት መለሱለት። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ወደ ተራው ተመለሰ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም እንደ ማንኛችንም ጉዳዩ ተፈጸመለት። ሰልፉም ጸጥ ብሎ የነበረው እፎይ አለ፤ ተራው እውነተኛ ተራ መሆኑን አውቋልና። በኋላ እንደሰማነው እኒህ ሴት በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «የማትበላ፣ የማታስበላ» እየተባሉ ይነቀፉ ነበር። ለእድገት ሲታሰቡም ብዙ ጊዜ ታልፈዋል።

እውነተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ ይገጥመናል። ታማኝ ሰው ብቻውን ሲቀር ታማኝነት መሥዋዕትነት ይሆናል፤ መሥዋዕትነትን ደግሞ ከሁሉም ሰው በየቀኑ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ታማኝነትን ከጥቂት ጀግኖች ትከሻ አውርደን የብዙኃን ልማድ ማድረግ ግዴታችን ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ታላቅ ዘመቻ ብቻ አይደለም። የአገልግሎቱ ዋጋና የሚወስደው ጊዜ በመስኮቱ ላይ ተለጥፎ ሲገኝ «ነገ ተመለስ» ኃይሉን ያጣል። ደረሰኝ የሚጠይቅ ገዢ አንድ ሲሆን ቀበጥ ይባላል፤ አሥር ሲሆኑ ግን ባለሱቁ ሳይጠየቅ ይቆርጣል። የሥራ ኃላፊ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ለሠርግ ማጀቢያ ካላዋለ የበታቹን ሠራተኛ በወረቀትና በእስክሪብቶ ለመጠየቅ አፍ ይኖረዋል። እምቢ ያለ ሠራተኛ ሲገፋ ባልደረቦቹና ማኅበሩ ከጎኑ ከቆሙ፣ ሁለተኛው እምቢ ባይ አይፈራም።

ከሁሉም በላይ ግን የእናቲቱን ሥፍራ እናስታውስ። እያንዳንዳችን በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ሰራቂ፣ ሌላ ጊዜ ተሰራቂ ልንሆን እንችላለን፤ እንቁላሉ ወደ ቤታችን ሲገባ ግን ሁላችንም እናት ነን። «ከየት አመጣኸው?» የሚለው ጥያቄ አዋጅ፣ በጀትም ሆነ ኮሚሽን አይፈልግም። ለልጃችን፣ ለባልደረባችን፣ ለአለቃችን፣ ከሁሉ አስቀድሞም ለራሳችን እናቅርበው። ዛሬ በእንቁላሉ ካልተጠያየቅን፣ ነገ በበሬው ስንካሰስ የሚፈርድብንም የሚመሰክርልንም አይገኝም።